ተራራ ላይ ወቅት በከፍታም ይቆጠራል፦ የባሌ እንስሳት ለምን ቦታ ይቀያይራሉ?

ከድሬዳዋ ተነስቶ ሐረር የሚወጣ ሰው በአንድ መንገድ ወቅት ቀይሮ ይደርሳል። ድሬ ላይ በሽርጥ ሆኖ ሲያናፍስ የነበረው ሰው ደንገጎ ዳገት ጫፍ ላይ የሚኒባሱን መስኮት ይዘጋል። ሐረር ሲገባ ሹራብ ያምረዋል። ወሩ ያው ነው። የተቀየረው ከፍታው ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር ደግሞ 1,850 ሜትር አካባቢ። 1,000 ሜትር ሽቅብ በወጣን ቁጥር አየሩ በአማካይ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀዘቅዛል። ከድሬ ሐረር ያለው የ4 ዲግሪ ያህል ልዩነት የሚመጣው ከዚህ ነው።

አሁን ከሐረር ላይ ሌላ 2,000 ሜትርና ከዚያም በላይ ጨምሩ። ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ሳነቴ አምባ ላይ ትደርሳላችሁ።

በእኛ አካባቢ ስለ ባሌ ሲወራ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ «በጋ ሂድ፣ ክረምት ጭቃ ነው።» ለተጓዥ ልክ ነው። ለእንስሳቱ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ተራራ ላይ ወቅት የሚቆጠረው በወር ብቻ ሳይሆን በከፍታም ነው። እዚያ የሚኖር እንስሳ ወቅቱ ሲከፋበት ወይ ሽቅብ ይወጣል፣ ወይ ቁልቁል ይወርዳል፣ ወይ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ያሳልፈዋል። ይህን ማድረግ የሚችለው መንገዱ ክፍት ከሆነ ነው። ስለ ተራራ እንስሳት አደጋ ላይ መውደቅ በሰማሁ ቁጥር መጀመሪያ የማስበው ይህንኑ ነው፦ የቱ መንገድ ተዘጋባቸው?

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተ ሲሆን ወደ 2,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ትልቁ ሀብቱ ግን ከፍታው የተደራረበ መሆኑ ነው። በደቡብ በኩል ታችኛው ሐረና ደን ውስጥ ቡና በዱር ይበቅላል። ከዚያ በላይ ቀርከሃ አለ። ከቀርከሃው በላይ ኮሶና አምጃ፣ ከዚያም አስታ። አስታው ሲያልቅ ዛፍ የሚባል ነገር የለም። ሜዳው ላይ ጅብራ ብቻ ተገትሮ ይታያል። ከሁሉ በላይ 4,377 ሜትር ላይ ቱሉ ዲምቱ አለ። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚሄደው መኪና መንገድ ይህን ሁሉ አቋርጦ ያልፋል። በአንድ ጠዋት ከአመዳይ ወደ ቡና ጥላ መውረድ ይቻላል።

ዝናቡም እንደ መሬቱ ወጥ አይደለም። በሰሜን በኩል፣ በዲንሾና በሮቤ፣ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ውስጥ መሬቱ በአብዛኛው እርጥብ ነው። ተራራውን ተሻግራችሁ ወደ ደሎ መና ቆላ ስትወርዱ ግን ዝናቡ ሁለት ጊዜ ነው የሚመጣው፤ አንዱ በልግ ላይ፣ አንዱ ከመስከረም በኋላ። መሐሉ ደረቅ ነው። ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም። ሐረር ላይ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ሲወርድ ጅጅጋን አልፎ ያለው ሱማሌ አርብቶ አደር የሚጠብቀው «ጉ» የሚለውን የበልግ ዝናብና «ደይር» የሚለውን ከመስከረም በኋላ የሚመጣውን ዝናብ ነው። የባሌ ልዩነት እነዚህ ሁለት አቆጣጠሮች በአንድ ተራራ ሁለት ጎን ላይ መገናኘታቸው ነው። ስለዚህ በአንዱ ወገን ሣር ሲደርቅ በሌላው ወገን ለምለም ሊኖር ይችላል። እግር ላለው እንስሳ ይህ ትልቅ ዕድል ነው።

ብዙ ሰው የሚገርመው ደግሞ ብርዱ ነው። ሳነቴ ላይ ብርዱ የሚከፋው በክረምት ሳይሆን በበጋ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት የሌሊቱ ሙቀት ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ፊት ታቃጥላለች። ምክንያቱ ደመና ነው። መሬት ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቃለች። ክረምት ላይ ደመናው እንደ ጋቢ ከላይ ሸፍኖ ያስቀረዋል። በጋ ላይ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ አየሩም ስስና ደረቅ ነው። የሚይዘው ነገር ስለሌለ ሙቀቱ ሁሉ ያመልጣል። የሐሮማያና የአወዳይ ጫት ገበሬ በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ሲል የሚጨነቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ውርጭ የሚጥለው ያን ጊዜ ነው። የጫት ዋጋ ሲንር ድሬም ሐረርም ወዲያው ይሰማዋል። ሳነቴ ላይ ያለው ያው ነገር ነው፤ ግን በ2,000 ሜትር ከፍ ብሎ።

እንግዲህ ሳነቴ ላይ በበጋ ወራት የሚኖር እንስሳ በየሌሊቱ ውርጭ፣ በየቀኑ ሐሩር ይፈራረቅበታል ማለት ነው። በቀንና በሌሊት መካከል ያለው ልዩነት በሐምሌና በጥር መካከል ካለው ልዩነት ይበልጣል። ይህን ካልያዝን ቀይ ቀበሮንም መረዳት አንችልም።

ቀይ ቀበሮ የተኩላ የቅርብ ዘመድ ነው። በዓለም ላይ ያለው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ሲሆን ቁጥሩ 500 ገደማ ነው። ከግማሽ በላዩ የሚኖረው ባሌ ነው። በቤተሰብ ይኖራል፤ ክልሉን የሚጠብቀውም በጋራ ነው። አደን የሚወጣው ግን ብቻውን ነው፤ ያውም በቀን። ለምን በቀን? ምግቡ በቀን ስለሚወጣ። ከሚበላው ከአሥር እጅ ዘጠኙ እጅ የሚሆነው አይጥና ፍልፈል ነው።

ዋናው ምግቡ ግዙፉ ፍልፈል ነው። ይህ ፍልፈል ከባሌ በቀር የትም የለም። ትልቁ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። ዓይኖቹ ወደ አናቱ የተጠጉ ናቸው፤ ከጉድጓዱ ብቅ ሲል ሰውነቱን ሳያወጣ ዙሪያውን ያያል። ግማሽ አካሉን ብቻ አውጥቶ በአቅራቢያው ያለውን ሣር አጭዶ፣ ጉንጩን ሞልቶ፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሌሊት ብርዱን የሚያመልጠው ከመሬት በታች ነው። ጥልቁ አፈር ላይኛው ሜዳ ሲበርድ አብሮ አይበርድም። በአብዛኛው የሚወጣው መሬቱ ሞቅ ሲል ነው። ቀበሮውም ሰዓቱን ከእሱ ጋር ያስተካክላል። ውርጭ ባደረበት ጠዋት ቀበሮ ሜዳ ላይ ተጠቅልሎ፣ አፍንጫውን በጭራው ሸፍኖ ብታዩት አትገረሙ። ምሳው ገና አልወጣም።

በነገራችን ላይ ይህን ፍልፈል መጀመሪያ የለመደው አዳኝ ቀበሮ ብቻ አልነበረም። ፊንጫ ሀበራ በሚባል የባሌ ዋሻ ውስጥ፣ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ይኖሩ እንደነበር ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ አድርገዋል። ያን ጊዜ የተራራው አናት በበረዶ ግግር የተሸፈነ ነበር። ሰዎቹ ከበረዶው በታች ያለውን ሜዳ እየተጠቀሙ ግዙፉን ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ ነበር። የተቃጠለው አጥንት ዋሻው ውስጥ ተገኝቷል። አየር ንብረት ሲቀየር ሰውም ተራራ ላይ ቦታ እየመረጠ ኖሯል ማለት ነው።

ወደ ቀበሮው ስንመለስ፣ የሚዋለደውም ወቅት ጠብቆ ነው። ባሌ ላይ የሚገናኙት ከነሐሴ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው። እርግዝናው ሁለት ወር ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ግልገሎቹ የሚወለዱት ዝናቡ ሲያበቃና በጋው ሲገባ ነው። በአንድ መንጋ ውስጥ የምትወልደው አብዛኛውን ጊዜ መሪዋ ሴት ብቻ ናት። ሌሎቹ ግልገሎቹን ይጠብቃሉ፤ ያደኑትን በልተው መጥተው ከሆዳቸው እየመለሱ ያበሏቸዋል። ይህ አኗኗር በጣም ጠንካራም በጣም ደካማም ነው። ጠንካራነቱ አንድ ግልገል ብዙ አሳዳጊ ስላለው ነው። ደካማነቱ ደግሞ አንድ በሽታ ከገባ መላው ቤተሰብ አብሮ ስለሚሄድ ነው።

በሽታው የሚመጣው ከውሻ ነው። እዚህ ላይ የሰው ወቅትና የእንስሳ ወቅት ይገናኛሉ።

የባሌ ኦሮሞ አርብቶ አደሮች «ጎዳንቱ» የሚሉት የቆየ ሥርዓት አላቸው። ታች ያለው መሬት በሰብል ሲያዝ ከብቶቹ ለተወሰኑ ወራት ወደ ላይኛው ግጦሽ ይወጣሉ። በጋ ሲጠና ደግሞ ለጥላና ለቅጠል ወደ ደን ይገባሉ። በመሐል ለከብቶቹ ጨው ያለው የምንጭ ውኃ፣ ሆራ፣ ያጠጧቸዋል። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ሰዎቹም የሚያደርጉት የዱር እንስሳቱ የሚያደርጉትን ነው። ከወቅቱ ጋር ሽቅብና ቁልቁል ይላሉ። ከብት ወጥቶ ሲወርድ ሣሩ የማረፊያ ጊዜ ያገኛል። ስለዚህ «እረኞቹን አባርሩ» የሚለው ቀላል መልስ እኔን አያሳምነኝም። ችግሩ የከፋው ሰው በብዛት ወጥቶ ሳይወርድ ሲቀር ነው። ጊዜያዊ የነበረው ጎጆ ቋሚ ቤት ሲሆን ግጦሹ ዓመቱን ሙሉ እረፍት ያጣል። ውሻውም ዓመቱን ሙሉ እዚያው ይከርማል።

እረኛ ያለ ውሻ አይሆንም፤ ጅብ አለ። ውሻው ካልተከተበ ግን የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ቀበሮው ይሻገራል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በ2003፣ በ2008 እና 2009፣ እንደገና በ2014 እንዲህ ያለ ወረርሽኝ ባሌን መትቷል። በተጠቁት መንጋዎች ውስጥ ከግማሽ በላይ ያለቁበት ጊዜ አለ። ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላ የውሻ ተላላፊ በሽታም በየመሐሉ ገብቷል። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የሚሠራው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም በየዓመቱ የአካባቢውን ውሾች ይከትባል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ደግሞ ክትባቱን ሥጋ ውስጥ አድርጎ ለቀበሮዎቹ ለራሳቸው ማብላት ተጀምሯል። ቀበሮ ሳይያዝ፣ ሳይወጋ ይከተባል። በእኔ አስተያየት በአገራችን የዱር እንስሳት ጥበቃ ውስጥ ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ ይህ ከምርጦቹ አንዱ ነው።

የደጋ አጋዘን ታሪክ ሐረርጌንም ይነካል። ይህ ትልቅ አጋዘን የሚኖረው ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ባሉ የኢትዮጵያ ደጋዎች ብቻ ነው፦ ባሌ፣ አርሲና ጭሮ ዙሪያ ያለው ጨርጨር። ሳይንስ ያወቀው ዘግይቶ ነው፤ ስም የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ነው። ዲንሾ አጠገብ ጋይሳይ የሚባለው ሜዳ ላይ በርከት ብሎ ይታያል። ዝናብ ዘልቆ ሣሩ ሲለመልም ወደ ሜዳው ይወጣል። በጋ ገብቶ ሣሩ ሲደርቅ ወደ ጽድና ኮሶ ጫካው ያዘነብላል፤ ቁጥቋጦና ቅጠል ይቀነጥባል። ጫካው ሌሊት ከውርጭ፣ ቀን ከፀሐይ ይከልለዋል። ብዙዎቹ ጥጆች የሚወለዱት ከመስከረም እስከ ኅዳር አካባቢ ነው፤ ሣሩ ገና ሳይደርቅ። እናቲቱ ጥጃዋን ቁጥቋጦ ውስጥ ትደብቃለች። ስለዚህ ይህ እንስሳ ሜዳና ጫካ ጎን ለጎን ያስፈልጉታል። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ዓመቱ አይሞላለትም።

ይህን በሐረርጌ አይተነዋል። እ.ኤ.አ. በ1990 ጭሮ አካባቢ ኩኒ ሙክታር የሚባል የደጋ አጋዘን መጠለያ ተቋቁሞ ነበር። ቦታው ሁለት የተራራ ጫፎች ላይ የቀረ ደን ነው። ዙሪያውን እርሻ ነው። ብዙም ሳይቆይ በአደንና በምንጣሮ ክፉኛ ተጎዳ። አዳኙ ባይኖር እንኳ ያን ያህል ትንሽ ደን ውስጥ የታሰረ መንጋ በጋ ሲጠናበት የት ይሄዳል? ጫፍ ላይ ያለ እንስሳ ወደ ላይ የሚወጣበት የለውም። ወደ ታች ሲወርድ ማሳ ውስጥ ይገባል። ማሳ ውስጥ ሲገባ ከገበሬው ጋር ይጣላል። ገበሬውም ልክ ነው፤ የልጆቹ ጉሮሮ ነው።

ተራራ ባይሆንም ባቢሌ ላይ ያለው የዝሆን መጠለያም ይህንኑ ያስረዳል። ከሐረር ብዙም አይርቅም። የባቢሌ ዝሆኖች በአንድ ቦታ አይከርሙም። ወቅቱ ሲለወጥ በኤረርና በጎበሌ ሸለቆዎች መካከል ውኃና ቅጠል እየተከተሉ ይንቀሳቀሳሉ። ሸለቆው ውስጥ እርሻና ሰፈራ ሲገባ ዝሆኑ የለመደውን መንገድ አይተውም። ግጭቱ የሚፈጠረው እዚያ ላይ ነው። ወንዞቹ ደግሞ ከሐረርጌ ደጋ ወርደው ዋቢ ሸበሌ ይገባሉ። ዋቢ ሸበሌ ራሱ የሚነሳው ከባሌና ከአርሲ ከፍታዎች ነው። የእኛ ደጋ ዝናብና የባሌ ዝናብ ታች ቆላው ውስጥ አንድ ወንዝ ይሆናሉ። ባሌ ላይ ረግረጉና አስታው ከተራቆተ፣ በክረምት የወረደው ውኃ ሳይሰርግ ይጎርፋል፤ በበጋ ደግሞ ወንዙ ይሳሳል። ጎርፍ ምን እንደሚያደርግ ድሬዳዋ ከደቻቱ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2006 ላይ የደረሰው አይረሳም። የደቻቱ ውኃ ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚፈስ ቢሆንም ምክንያቱ ተመሳሳይ ነው፦ ላይ የተራቆተ ዳገት።

ስለ ጅብም አንድ ነገር ልበል፤ ሐረር ላይ ተቀምጦ ስለ ዱር እንስሳ ጽፎ ጅብን መዝለል ይከብዳል። ጅብ ለወቅት ብዙም ግድ የለውም ይባላል። ዓመቱን ሙሉ ይወልዳል፤ ያገኘውን ይበላል። ግን ሰው አጠገብ የሚኖር ጅብ ሌላ ዓይነት ወቅት አለው። ሰሜን ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራ አንድ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሟል። በዐቢይ ጾም ወቅት ሥጋ ቤቶች ሲቀዘቅዙ የሚጣለው ትርፍራፊ ያንሳል። ያን ጊዜ ጅቦቹ አህያ መያዝ ያበዛሉ። ፋሲካ ሲያልፍ ወደ ትርፍራፊያቸው ይመለሳሉ። አጥኚዎቹ ይህን ያወቁት ከኩሱ ውስጥ የእንስሳ ጸጉር እየለዩ ነው። የሰው ጾም ለጅብ ወቅት ሆነ ማለት ነው።

ወፎች ከዚህ ሁሉ ሰፊውን መንገድ ይጓዛሉ። ከመስከረም በኋላ አውሮፓና እስያ ሲበርድ ዳክዬዎችና ንስሮች ወደ ባሌ ይመጣሉ፤ መጋቢት ገደማ ይመለሳሉ። የሐሮማያ ሐይቅ ደርቆ በነበረባቸው ዓመታት እኛም አካባቢ የሚያርፉበት ጠፍቶ ነበር። ውኃው ከተመለሰ ወዲህ የውኃ ወፎች ይታያሉ። ሳነቴ ላይ ደግሞ ተቃራኒውን የሚያደርግ አለ፦ ዋትልድ ክሬን የሚባለው ትልቅ፣ ረጅም እግር ያለው የረግረግ ወፍ በክረምት ኩሬዎቹ ሲሞሉ እዚያ ይፈለፍላል።

የቀረው ጥያቄ ሙቀት መጨመር ነው። አየሩ ሲሞቅ እያንዳንዱ የዕፅዋት ቀበቶ ሽቅብ ይገፋል። አስታው ወደ ሜዳው፣ የገብስ እርሻውም ወደ አስታው ይወጣል። ታች ያለ እንስሳ ወደ ላይ መሸሽ ይችላል። ሳነቴ ላይ ያለው ቀበሮና ፍልፈል ግን ቀድሞውንም አናቱ ላይ ናቸው። ከቱሉ ዲምቱ በላይ መሬት የለም። ለዚህ ነው የፓርኩ ባለሙያዎች እሳትና እርሻ ሽቅብ እንዳይወጡ አጥብቀው የሚሟገቱት። በየበጋው መጨረሻ፣ በየካቲትና በመጋቢት፣ ለግጦሽ ተብሎ አስታው ይቃጠላል። አዲስ ሣር ይበቅላል፤ ግን በደረቅ ዓመት እሳቱ ከታሰበው በላይ ይሄዳል።

ከድሬ ወይም ከሐረር ለመሄድ ያሰበ ሰው ካለ፣ ወሩን የሚመርጠው ማየት በሚፈልገው ነው። የቀይ ቀበሮ ግልገሎችን ማየት የሚፈልግ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ይሂድ፤ ከዋሻው ግን ራቅ ብሎ በመነጽር ይመልከት፤ የተረበሸች እናት ልጆቿን በውርጭ ሌሊት ታዛውራለች። ለምለም ሜዳ ላይ የወጣ አጋዘን የሚፈልግ መስከረምና ጥቅምት ጋይሳይ ይሂድ። ሳነቴ ላይ ጠዋት ማልዶ ከመውጣት ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቅ መጠበቅ ይሻላል፤ ፍልፈሉም ቀበሮውም ያን ጊዜ ነው የሚወጡት። በየትኛውም ወር ቢሆን ወፍራም ጃኬት ይያዝ። ውሻ ያለው ሰው ደግሞ ውሻውን ቤት ይተው።